ፀሐይና መብረቅ፦ የሃሮልድ ኤድገርተን ሕይወትና ሥራ

በቀትር ፀሐይ በአንድ ሕንፃ ደጃፍ ላይ በሦስትና በአራት ረድፍ ቆመው የመታሰቢያ ፎቶግራፍ የሚነሡ ሰዎች፣ ፎቶግራፍ አንሺው ፍላሽ ሲያበራባቸው ብዙ ጊዜ ይገረማሉ። በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዞ እንደሚዞር ሰው አድርገው የሚመለከቱትም አይጠፉም። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ፀሐይ ከአናት በላይ በሆነች ጊዜ ግንባርንና የአፍንጫን ጫፍ ታበራለች፤ ዓይንን፣ ከባርኔጣ ክፈፍ በታች ያለውን ፊትና አንገትን ግን በጥላ ትሸፍናለች። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ በምትገኘው በአዲስ አበባ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ስለምትውል ችግሩ ይብሳል። በዚያ ላይ ነጭ የሀገር ልብስ ይጨመርበት። ሸማው ካረፈበት ብርሃን 90 በመቶውን፣ ጠይም ፊት ደግሞ 10 በመቶውን ይመልሳሉ እንበል፤ ፊቱ ያረፈበት ጥላም ከፀሐዩ ስምንት ጊዜ የጨለመ ይሁን። በሸማውና በፊቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 72 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ለሸማው ቢያስተካክል ፊቱ ይጠቍራል፤ ለፊቱ ቢያስተካክል የሸማው ጥለት ሳይቀር ይጠፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ አባቱን ከተመራቂዎቹ ረድፍ መካከል የሚፈልግ ልጅ የሚያገኘው ካባና ቆብ ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር አስተማማኝ መሣሪያ የተገኘው ከፎቶግራፍ ቤት ወይም ከሌንስ ፋብሪካ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ያጠና ከነበረ አንድ መሐንዲስ እጅ ነው። ሰውየው ፕሮፌሰር ሃሮልድ ዩጂን ኤድገርተን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኤድገርተን ኤፕሪል 6 ቀን 1903 በአሜሪካ በኔብራስካ ግዛት በፍሪሞንት ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በዚያው ግዛት ኦሮራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣትንና ማጠብን ያስተማሯቸው አጎታቸው ነበሩ። በትምህርት ዕረፍት ወራት ደግሞ በከተማዋ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠሩ ነበር። የፎቶግራፉ ጨለማ ክፍልና የኤሌክትሪኩ ሽቦ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ቀድመው መገናኘታቸው ለኋላው ሕይወታቸው ትርጕም ነበረው፤ ሁለቱ ሙያዎች በሥራ ላይ እስኪገናኙ ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀር ነበር።

በ1925 ከኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ። አንድ ዓመት በጀኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከሠሩ በኋላ በ1926 ወደ ማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብተው በ1927 የማስተርስ፣ በ1931 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በመካከሉ፣ በ1928፣ ኤስተር ጋሬትን አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። ከኢንስቲትዩቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለዩም።

ለጥናታቸው የመረጡት ርእስ ሲንክሮነስ ሞተር ጭነቱ በድንገት ሲለወጥበት የሚያሳየው ጠባይ ነበር። አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በዚህ ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ከመግነጢሳዊው መስክ ጋር እኩል ይዞራል፤ ጭነት ሲጨመርበት ግን በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ይቀራል። ጭነቱ ከልክ ካለፈ እርምጃውን ይስታል። ያችን ጥቂት ዲግሪ በስሌት ማግኘት ይቻላል፤ ሞተሩ እየከነፈ ሳለ በዓይን ማየት ግን የማይቻል ይመስል ነበር። ኤድገርተን በቤተ ሙከራው ውስጥ ሲሠሩ በሜርኩሪ ትነት የሚሠሩት የሬክቲፋየር ቱቦዎች ብልጭ በሚሉበት ጊዜ የሚሽከረከረው ሞተር የቆመ መስሎ መታየቱን አስተዋሉ። ብልጭታው በእያንዳንዱ ዙር በተመሳሳይ ቅጽበት ሲመጣ፣ ዓይን ሞተሩን ዘወትር በአንድ ቦታ ላይ ያገኘዋል። ጭነት በተጨመረ ጊዜ ሞተሩ ወደ ኋላ ቀረት ሲል ያው በዓይን ይታያል።

የስትሮቦስኮፕ ሐሳብ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የኤድገርተን ድርሻ ብልጭታውን እጅግ አጭርና እጅግ ብሩህ አድርጎ በፈለጉት ቅጽበት ማስነሣት ነው። ዘዴው ለመሐንዲስ ቀላል ነው፦ ካፓሲተርን ቀስ ብሎ መሙላት፣ ከዚያም ያከማቸውን ኃይል ጋዝ በሞላበት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በአንድ ጊዜ መልቀቅ። መጀመሪያ ሜርኩሪን፣ በኋላም እንደ አርጎንና ዜኖን ያሉትን ጋዞች ተጠቀሙ። ለምሳሌ 100 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ2,000 ቮልት ቢሞላ 200 ጁል ይይዛል። ይህ የ100 ዋት አምፑል በሁለት ሰከንድ የሚፈጀው ኃይል ብቻ ነው። ያው 200 ጁል በ1/5,000 ሰከንድ ውስጥ ሲለቀቅ ግን አማካይ ጉልበቱ አንድ ሜጋዋት ይሆናል። የአንድ አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ጉልበት ለዐይን ጥቅሻ እንኳ በማይበቃ ጊዜ በአንዲት ቱቦ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው።

የዚህን መሣሪያ ዋጋ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1887 ጀምሮ በጀርመን ሀገር የተገኘው የማግኒዚየም ዱቄት ውሕድ ይቃጠል ነበር። ዱቄቱ ጢሱ ክፍሉን ይሞላል፣ ልብስ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም አንሺውን ራሱን ይጎዳል፤ ከቤት ውጭ ደግሞ ነፋስ ይበትነዋል። በ1930 አካባቢ ወደ ገበያ የወጣው የፍላሽ አምፑል ጢሱንና አደጋውን ቢያስቀርም አንድ ጊዜ ከበራ በኋላ የሚጣል ነው፤ ብርሃኑም ከፍ ብሎ እስኪበርድ በመቶኛ ሰከንዶች የሚቈጠር ጊዜ ይወስዳል። ይህ የጊዜ ርዝመት በቤት ውስጥ ብዙም አይጎዳም። በፀሐይ ብርሃን ግን ዋነኛው ጣጣ እርሱ መሆኑ ወደ በኋላ ይታያል።

ከተማሪዎቻቸው መካከል ኬኔት ጀርምስሃውዘንና ኸርበርት ግሪየር የሥራ ጓደኞቻቸው ሆኑ። የሥራ ባልደረባቸው ቻርልስ ስታርክ ድሬፐር ከሞተር ውጭ ያለውን ዓለምም በዚሁ ብርሃን እንዲመለከቱ ያበረታቷቸው እንደ ነበር ይነገራል። እርሳቸውም የቧንቧ ውኃን፣ የቴኒስ ኳስን፣ የሃሚንግበርድን ክንፍ፣ ከጠመንጃ የወጣ ጥይትን ማንሣት ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ ዝናቸውን ያወጣው የወተት ጠብታ በሳሕን ላይ ወድቃ እንደ ዘውድ ስትፈናጠር የሚያሳየው ፎቶግራፍ ነው። የመጀመሪያው ዐይነት በ1937 በኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ፤ በቀለም የተነሣውና በሰፊው የሚታወቀው ግን የ1957ቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲትን ጠብታ መላልሶ ማንሣት የእልከኝነት ሥራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ብርሃኑ ከነገር ወደ ሰው እንዲሸጋገር የረዳው ሌላ መሐንዲስ ነው። በትውልዱ አልባኒያዊ የሆነውና ከዚያው ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀው ጆን ሚሊ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኤድገርተን ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም ለላይፍ መጽሔት የዳንሰኞችንና የሙዚቀኞችን ምስል በዚህ ብርሃን ያነሣ ጀመር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኮዳክ ኩባንያ ኮዳትሮን የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ በኤድገርተን ሥራ ላይ ተመሥርቶ ለፎቶግራፍ ቤቶች አቀረበ። መሣሪያው ከባድና ውድ ነበር፤ ሆኖም ቱቦው ሳይለወጥ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ይበራል።

እዚህ ላይ ስለ ፀሐይ የተነሣው ነገር ይመለሳል። ኤድገርተን ራሳቸው በአብዛኛው የሠሩት በጨለማ ወይም በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ነው፤ የብርሃናቸው አጭርነት ከቤት ውጭ የሚሰጠውን ጥቅም በየዕለቱ የተገለገሉበት ግን በየሀገሩ ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ናቸው። ወደ ፊልሙ የሚገባውን ብርሃን የሚቈጣጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዲያፍራም የሚባለው የሌንስ ቀዳዳና ሸተር የሚባለው መዝጊያ። የፀሐይ ብርሃን ያለማቋረጥ ይፈስሳልና ሁለቱም ይቀንሱታል። የኤድገርተን ብልጭታ ግን ሸተሩ ከተከፈተ በኋላ ጀምሮ ሳይዘጋ ያልቃል። ስለዚህ ሸተሩ በ1/60 ሰከንድም ይዘጋ በ1/500፣ የብልጭታው መጠን አይለወጥም፤ እርሱን የሚገዛው ቀዳዳው ብቻ ነው። በአምፑሉ ዘመን ሸተሩን ማፍጠን የፀሐዩንም የአምፑሉንም ብርሃን አብሮ ይቈርጥ ነበር። ብልጭታው ሲያጥር ግን ፎቶግራፍ አንሺው በአንድ ቧንቧ ተቀላቅለው ይመጡ የነበሩትን ሁለት ውኃዎች ለየብቻ የሚከፍትበትና የሚዘጋበት መክፈቻ አገኘ። ከወተቱ ዘውድ ይልቅ የብዙ ሰው ፊት የዳነው በዚህ ነው።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፍጥነቱ 100 አይ.ኤስ.ኦ. በሆነ ፊልም የጠራ ፀሐይ የሚጠይቀው ቀዳዳው በቁጥር 16፣ ሸተሩ በ1/125 ሰከንድ ገደማ ነው። የፍላሽ መሪ ቁጥር የሚባለው የቀዳዳው ቁጥር በሜትር ርቀት ሲባዛ ነው። ቡድኑ ከፍላሹ 4 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ከፀሐይ ጋር እኩል ለማብራት መሪ ቁጥሩ 64 የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል። ይህ በኪስ የሚያዝ መሣሪያ አይደለም። ነገር ግን ሸተሩን ወደ 1/500 አፍጥኖ ቀዳዳውን ወደ 8 መክፈት ይቻላል፤ ለፀሐይ ብርሃን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ለፍላሹ ግን አራት እጥፍ ብርሃን ይገባለታል፣ የሚፈለገውም መሪ ቁጥር ወደ 32 ይወርዳል። እንቅፋቱ የሸተሩ ዐይነት ነው። ከሌንሱ ውስጥ እንደ ቅጠል ተከፍቶ የሚዘጋው ሸተር በዚህ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በፊልሙ ፊት በሁለት መጋረጃ የሚሠራው የቀድሞ ባለ 35 ሚሊሜትር ካሜራ ሸተር ግን ብዙ ጊዜ ከ1/60 ሰከንድ ሲፈጥን በጠባብ ስንጥቅ ስለሚጓዝ፣ ብልጭታው የሚያርፈው በፊልሙ ቁራጭ ላይ ብቻ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ ያነሣ ሰው ከቡድኑ ግማሹን በብርሃን ግማሹን በጥላ ያገኛል።

ሙሉ በሙሉ ከፀሐይ ጋር እኩል ማብራትም አይመከርም። በመጀመሪያው ምሳሌ ጥላው ከፀሐዩ በ8 እጥፍ የጨለመ ነበር። ፍላሹ የፀሐይን ግማሽ ያህል ቢሰጥ፣ ፀሐይ ያረፈበት 1.5፣ ጥላው 0.625 ይሆናል፤ ልዩነቱ ከ8 ለ1 ወደ 2.4 ለ1 ይወርዳል። በሸማውና በፊቱ መካከል የነበረው 72 እጥፍም ወደ 22 ገደማ ይቀንሳል። ሸማው ጥለቱን፣ ፊቱም ዓይኑን ይዞ ይታያል፤ ጥላው ግን ጨርሶ ስላልጠፋ ፊቱ እንደ ፊት ይቀራል። ከዚህ በላይ የሚያበራ ሰው በሠርግና በምርቃት ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የሚታየውን፣ አፍንጫ የሌለው የሚመስለውን ጠፍጣፋ ገጽ ያተርፋል።

ቡድን ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ስለምትርቅ በፊተኛውና በኋለኛው ረድፍ መካከል አታዳላም። ፍላሽ ግን ያዳላል፤ ብርሃኑ በርቀቱ ካሬ ይቀንሳልና። ፍላሹ ከፊተኛው ረድፍ 2 ሜትር፣ ከኋለኛው 3 ሜትር ቢርቅ፣ ኋለኞቹ የሚደርሳቸው ፊተኞቹ ከሚያገኙት 44 በመቶ ብቻ ነው። ፍላሹን 5 ሜትር ቢያርቁት ግን ኋለኞቹ በ6 ሜትር ላይ 69 በመቶ ያገኛሉ። ከፍ አድርጎ መትከልም ርቀቱን ያቀራርባል። እርግጥ ማራቅ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከ2 ወደ 5 ሜትር መሄድ ከ6 እጥፍ በላይ ብርሃን ይፈልጋል። እንግዲህ ከኋላ የቆሙት አጫጭርና ወጣት ሠራተኞች በፎቶግራፉ ላይ መታየት አለመታየታቸው፣ ፎቶግራፍ አንሺው ካፓሲተሩን ለመሸከም ባለው ትከሻ ይወሰናል ማለት ነው። ኤድገርተን በ1970 ስለ ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የመሰለውን የካፓሲተር፣ የቱቦና የብርሃን ጉዳይ እንደ ማንኛውም የምሕንድስና ጥያቄ በስሌት አቅርበውታል።

ርቀትን በጉልበት የማሸነፍ ነገር በትልቅ መጠን የተፈተነው በጦርነት ነው። በ1939 የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል መኮንን ጆርጅ ጎዳርድ መሬትን በሌሊት ከአውሮፕላን ለማንሣት የሚያስችል ፍላሽ እንዲሠሩ ኤድገርተንን ጠየቋቸው። አውሮፕላኑ ቦምብ በሚጫንበት ቦታ ካፓሲተሮች ተጭነው፣ ግዙፍ ቱቦ ወደ ታች እንዲያበራ ሆኖ ተሠራ። በእንግሊዝ ሀገር ያለው ስቶንሄንጅ የተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልት በ1944 በሌሊት ከአየር የተነሣው ለዚሁ ሙከራ ነው። ከሰኔ 5 ለሰኔ 6 አጥቢያ በ1944 ደግሞ በኖርማንዲ ላይ የበረሩ አውሮፕላኖች የጀርመን ጦር በመንገዶቹ ላይ ይንቀሳቀስ እንደሆነ በዚሁ ብልጭታ ተመልክተዋል። ለዚህ አገልግሎት በ1946 የነጻነት ሜዳይ ተሸለሙ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ ከጀርምስሃውዘንና ከግሪየር ጋር በሦስቱ የስም መነሻ ፊደላት የሚጠራውን ኢ.ጂ. ኤንድ ጂ. ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው ለአሜሪካ መንግሥት የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎችን በመለካትና በማንሣት ሥራ ተሰማራ። ለዚህ የተሠራው ካሜራ ተንቀሳቃሽ መዝጊያ የለውም፤ በብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ባለ ብርጭቆ ላይ በሚለቀቅ መግነጢሳዊ መስክ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ይከፈትና ይዘጋል። ችግሩ እዚህ ተገልብጧል፦ ብርሃን ማጣት ሳይሆን ከፀሐይ የበለጠ ብርሃን ነው። የእሳቱ ኳስ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች የሚታይባቸው እነዚያ ምስሎች ከወተቱ ጠብታ ጋር በአንድ ሰው ስም ተመዝግበው ይገኛሉ፤ የሕይወት ታሪካቸውን የሚያነብ ሁሉ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይኖርበታል፣ አንዱን ብቻ መርጦ ማድነቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

ከ1953 ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ባሕር መለሱ። ከፈረንሳዊው የባሕር ተመራማሪ ከዣክ ኩስቶ ጋር ሆነው የጥልቅ ባሕር ካሜራና ፍላሽ ሠሩ፤ መርከበኞቹም ፓፓ ፍላሽ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ውኃ ብርሃንን ቶሎ ስለሚውጥ በብልጭታ ሩቅ ማየት እንደማይቻል ሲረዱ ወደ ድምፅ ዞሩ፤ የባሕርን ወለል በድምፅ ሞገድ ከጎን የሚያስሰውን ሶናር አሻሻሉ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሰመጠችው የብረት መርከብ ሞኒተር በ1973 ስትገኝ የእርሳቸው መሣሪያ ተሳታፊ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ ተቀበሉ።

ፍላሹ ከእርሳቸው እጅ ከወጣ በኋላ እየቀለለ ሄዶ በካሜራው ላይ የሚሰካ፣ ቀጥሎም የሚያስፈልገውን ብርሃን ራሱ ለክቶ የሚቋረጥ ሆነ። ባለ መጋረጃ ካሜራዎች በከፍተኛ ፍጥነትም እንዲሠሩ የተፈጠረው ዘዴ ግን ለመሐንዲስ የሚያስገርም ነው፦ ፍላሹ አንድ ብልጭታ በመስጠት ፈንታ ስንጥቁ ተጕዞ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ በመርገብገብ እንደማይቋረጥ ብርሃን ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሸተሩ የፍላሹንም ብርሃን ይቈርጣል። ጥቅሙ ባይካድም፣ ኤድገርተን የለያዩትን ሁለት ውኃ መልሶ በአንድ ቧንቧ ማፍሰስ ነው፤ ዋጋውም በኃይል ይከፈላል። በእጅ ስልክ ላይ የሚታየው ትንሽ መብራት ደግሞ ጭራሽ ብልጭታ አይደለም፤ በቀትር ፀሐይ አራት ሜትር ርቆ ለቆመ ቡድን የሚጨምረው ብርሃን ከቁጥር አይገባም፤ ስልኩ ጥላውን የሚያነጻው ብዙ ምስሎችን በስሌት አዋሕዶ ነው።

በ1968 በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላም ቤተ ሙከራቸውን አልተዉም፤ ማስተማራቸውንም ቀጠሉ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1990 በኢንስቲትዩቱ የመምህራን ክበብ ውስጥ ሳሉ በ86 ዓመታቸው በድንገት ዐረፉ። የቤተ ሙከራ ማስታወሻ ደብተሮቻቸው በዚያው ተቋም ተጠብቀው ይገኛሉ። ይሠሩበት የነበረው የአራተኛ ፎቅ መተላለፊያ እስከ ዛሬ ስትሮብ አሌይ ይባላል፤ በግድግዳው ላይ የወተቱ ዘውድና በጥይት የተበሳው ፖም ተሰቅለው ይታያሉ።